የቦቃው ፎቶግራፍ

በትምህርት ቤታችን በስሜ የሚጠራኝ የስም መዝገብ የያዘ አስተማሪ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ ቦቃ ነበርኩ።

ቦቃ ለከብት የሚወጣ ስም ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ላለበት በሬ፣ ላም ወይም ፈረስ። እኔም ከተወለድኩ ጀምሮ ግንባሬ መሃል ላይ ሁለት ጣት የምታህል የነጣች ቆዳ አለችኝ፤ ከእሷ በላይ ደግሞ እንደ ጥጥ የነጣ አንድ ጭብጥ ጸጉር። የቀረው ጸጉሬ ጥቁር ነው። አያመኝም፣ አያሳክከኝም፣ ሰው ላይ አይጋባም። ዛሬ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ መስታወት ፊት ስቆም የማስተውለው አፍንጫዬን የማስተውለውን ያህል ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ግን ከእሱ በቀር ሌላ ፊት ያለኝ አይመስለኝም ነበር።

ስሙን ያወጣልኝ ነጋ ነው። አባቱ ሥጋ ቤት ነበራቸው፤ ከዚያ በፊት፣ ሰንጋ ተራ እውነተኛ የሰንጋ ገበያ በነበረበት ዘመን፣ የከብት ደላላ ነበሩ። ገበያው ነጋ ሳይወለድ ተነሥቶ ስሙ ብቻ ቢቀርም የደላሎቹ ወግ በነጋ አፍ ላይ ቀርቶ ነበር። በዕድሜ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ክፍል እየደገመ ጠበቀኝና ስምንተኛ ክፍልን አብረን ተማርን። የእረፍት ደወል ሲደወል አንገቴን ይዞ ወደ ሜዳው መሃል ያወጣኛል።

«ቦቃ ወይፈን! ቦቃ ወይፈን! ለፋሲካ የተቀለበ!»

ልጆች ይከቡናል። ነጋ አገጬን ቀና አድርጎ ከንፈሬን በአውራ ጣቱ ይገልጣል። «ጥርሱን እዩልኝ፣ ገና አልጣለም!» ቀጥሎ ጀርባዬን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። «ሻኛ የለውም እንጂ ዘሩ የቦረና ነው። ማነው የሚጨምር?»

«እኔ ለቆዳው እወስደዋለሁ!» ይላል አንዱ።

«ቆዳው ነቁጥ አለበት፣ ፋብሪካ አይቀበልህም!» ይላል ሌላው።

ሜዳው በሣቅ ይሞላል። እኔም ልክ እንደ በሬ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ዛሬ ሳስበው ከስድቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም። የሠፈራችን ልጆች ሌላ ትምህርት ቤት ስለነበሩ በምንኖርበት ጌጃ ሰፈር ውስጥ ስለ ግንባሬ የሚያውቅ አልነበረም። ይህንንም ያደረገችው ራሷ እናቴ ነበረች።

እናቴ እንዳለች ትባላለች። ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ ቁልፍ ትተክል፣ የተረፈ ክር ትለቅም ነበር። እሑድ እሑድ ጠዋት፣ የቀበሌው ሞንታርቦ ነዋሪውን ለስብሰባ መጥራት ሳይጀምር፣ በሩን ትዘጋና ከምድጃው ከሰል ትመርጣለች። የወይራው ይቧጥጣል ትል ስለነበር ለስለስ ያለውን የባሕር ዛፍ ከሰል ነበር የምታነሣው። ወቅጣ፣ በጨርቅ ነፍታ፣ ከቫዝሊን ጋር ትለውሰዋለች። ከዚያ ጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣኝ ነጩን ጸጉሬን አንድ በአንድ እየጎተተች ታጠቁረዋለች። ግንባሬን ደግሞ በእጇ የሠራችልኝ የሹራብ ቆብ እስከ ቅንድቤ ድረስ ይሸፍነዋል።

«አታውልቅ» ትለኛለች።

«እሺ እማዬ።»

«የማን ልጅ ነህ ቢሉህ?»

«የሚደቅሳ። አባቴ በበሽታ ሞቷል።»

«ጎሽ።»

ይህን ስታደርግ አትሥቅም፣ አታወራም። ጥርሷን ነክሳ፣ ቁስል እንደምታጥብ ሰው ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ነበር የምትሠራው። ከፊቷም ያነበብኩት አንድ ነገር ነው፤ እናቴ ታፍርብኛለች።

ማስረጃዬ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በመስታወት የተከደነ የአባቴ ፎቶግራፍ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ጸጉሩ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ጥቁር ነው። አባቴ የሞተው አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ስለነበር ከእሱ የማስታውሰው የጠመኔ ሽታ ያለበት እጁንና ግራጫ ባርኔጣውን ብቻ ነው። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ፎቶውን ባየሁ ቁጥር እንዲህ ካለ ንጹሕ ሰው እንዴት እኔ ወጣሁ እያልኩ እደነቅ ነበር።

ከሰሉ ትምህርት ቤት ያዋጣኝ አምስተኛ ክፍል እስክገባ ድረስ ነው። ለአብዮት በዓል የሰልፍ ልምምድ ላይ ነበርን። አሠልጣኙ ቆብ ሁሉ ይውለቅ አሉ፤ ወዲያው ዝናብ መጣ። በመጀመሪያ ግራ ቅንድቤ ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ከዚያ አፌ ውስጥ ከሰል ከሰል አለኝ። ጎኔ የቆመችው ልጅ ጮኸች። ነጋ ዞር ብሎ አየኝና፣ ጥቁር ውሃ በአፍንጫዬ ላይ እየወረደ፣ ከሥሩ ነጩ ብቅ እያለ፣ «ወይ ጉድ፣ ቦቃ ነው እንዴ!» አለ። ስሙ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተጣበቀብኝ። ለእናቴ ጭቃ ላይ ወደቅሁ ብዬ ዋሸኋት። እሷም ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያላወቀውን እየደበቀች መሰላት።

በ1978 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ደረሰ። ለመፈተኛው ካርድ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል ተባለ፤ ግንባርና ጆሮ በደንብ የሚታይበት፣ ያለ ቆብ። ወረቀቱን ለእናቴ ስሰጣት ደጋግማ አነበበችው። በማግሥቱ እጄን ይዛ አብነት፣ አብዱልመናን ፎቶ ቤት ወሰደችኝ።

ጋሽ አብዱልመናን ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ጣቶቻቸው በፎቶ መድኃኒት የወየቡ ሰው ናቸው። ፎቶ በሚያነሡበት የኋላ ሸራ ላይ ሐይቅና ዳክዬዎች ተሥለዋል። እናቴን ሲያዩ እንደ ጥንት ወዳጅ ደንገጥ ብለው ተነሡ። እኔን ከጥቁሩ መጋረጃ ጀርባ፣ መቀመጫው ላይ አስቀመጡኝና ደጅ ቀርተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ጀመር። ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«እያደገ ሲሄድ ነው የባሰው» አለች እናቴ። «ድንገት ዞር ሲል ሳየው ልቤ ይወርዳል። ጉልበቴ ይከዳኛል።»

«የልጁ ጥፋት ነው ታዲያ?»

«ጥፋቱ ነው ማን አለ?»

«እስከ መቼ ነው የምትደብቂው፣ እንዳለች?»

«ሰው እስኪረሳ።»

«ሰው እኮ ረስቷል።»

«አንተ ረሳህ?»

መልሱን እኔ ለራሴ ሰጠሁ። ሰው ሊረሳው የማይችል አስቀያሚ ነገር ነኝ፤ የወለደችኝ እናቴ እንኳ ስታየኝ ጉልበቷ ይከዳታል። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጋሽ አብዱልመናን ገብተው መብራቱን ሲያበሩ አቧራ ገባብኝ አልኩ።

እናቴ ከሰሉን በጨርቅ ጠረገችው፤ ከሰል ፎቶ ላይ እንደ ጥቀርሻ ይታያል ብለዋት ነበር። ከዚያ «ጠርገህ አውጣልኝ፣ አብዱልመናን። እንደዚያኛው» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ ጋሽ አብዱልመናን ጠሩኝ። ነጋቲቩን መብራት በርቶበት በነበረ መስታወት ላይ ዘርግተውታል። «ና እይ» አሉኝ። አጎንብሼ አየሁ። ጸጉሬ በሙሉ ነጭ ነው፤ ፊቴ ጥቁር ነው፤ ግንባሬ ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ጭብጥ ጸጉር ጉብ ብሏል።

«በነጋቲቭ አገር ሰው ሁሉ ሽበታም ነው» አሉ ጋሽ አብዱልመናን። «ጥቁር ጸጉር ያለህ አንተ ብቻ ነህ። እዚያ ብትወለድ ይቀኑብህ ነበር።»

አልሣቅሁም። «ይፋቁት ጋሼ» አልኳቸው።

ምላጭ አነሡና ትንፋሻቸውን ውጠው ያችን ጥቁር ጭብጥ በምላጩ ጫፍ ቀስ እያሉ ፋቋት። ነጋቲቭ ላይ የተፋቀው ፎቶው ላይ ይጠቁራል። ሲጨርሱ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ «ይሄን ሥራ ስሠራ ሁለተኛዬ ነው» አሉ።

በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ቀን ኖርኩ መሰላችሁ! እንግዲያው አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ቦቃ ልጅ አለ ማለት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በአብነት በኩል እየዞርኩ ቆብ ያደረገ ልጅ ሁሉ እያየሁ ፈለግሁት። ባገኘው ምን እንደምለው እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። «አንተስ እናትህ ምን ትቀባሃለች?»

አራቱ ፎቶዎች ሲሰጡኝ ያን ልጅ ወደድኩት። ግንባሩ ሙሉ ነው፤ ጸጉሩ ሙሉ ጥቁር ነው፤ ማንም ጥርሱን ገልጦ አላየበትም። አንዱን ደብተሬ ውስጥ ደበቅሁ። እናቴ ሳትኖር ከአባቴ ፎቶ አጠገብ ይዤ አስተያየኋቸው፤ አንድ ሰው ይመስላሉ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቴ ልጅ የሆንኩ መሰለኝ። ሁለቱንም ፎቶዎች የሠራቸው አንድ እጅ መሆኑን ማን ይንገረኝ?

የፈተናው ዕለት ሰኔ ነበርና ሲነጋ ጀምሮ ይዘንብ ነበር። እናቴ ከሰሉን ከወትሮው አወፍራ ቀባችኝ። «ዛሬ ካለፍክ ዘጠነኛ ነህ» አለችኝ። «የኔ ጣት በመርፌ የተበሳው ለዚህ ነው። ብትወድቅ አልቆጣህም። ሳትፈተን ብትመለስ ግን አትምጣብኝ።»

መፈተኛው ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። በረንዳው ላይ ተሰልፈን አንድ በአንድ ገባን። ነጋ ከእኔ ኋላ ነበር። የበሩ ፈታኝ ከሌላ ቦታ የመጡ፣ መነጽር ያደረጉ ቀጭን ሰው ናቸው።

«ቆብህን አውልቅ።»

አወለቅሁ። ቆቡ በዝናብ ሾቆ ስለነበር ከሰሉን ይዞት ወረደ። ፈታኙ ካርዱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና ካርዱን አዩ።

«ይሄ ማነው?»

«እኔ ነኝ ቲቸር።»

«እዚህ ላይ ያለው ልጅ ግንባሩ ንጹሕ ነው። አንተ…» ቃል አጡልኝና በእስክሪብቷቸው ወደ ግንባሬ ጠቆሙ። «ወንድምህ ነው? ልትፈተንለት ነው የመጣኸው?»

«ኧረ እኔው ነኝ!»

«ባለፈው ዓመትም አንዱ እንዲሁ ብሎኝ ነበር። ከሰልፉ ውጣ። ቀጥል!»

ከሰልፉ ብወጣ ዓመቱ አለቀ። ካርዱ ላይ ያለው ያ የምወደው ልጅ ሊፈተንልኝ አይችልም፤ እጅ የለውም። እኔ ደግሞ እሱ ካልሆንኩ ማንም አይደለሁም ማለት ነው። ደወሉ ሊደወል ነው። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ በእጄ የያዝኩትን እርጥብ ቆብ ጨብጬ ግንባሬን ፈተግሁት። ነጩ እስኪበራ ድረስ ፈተግሁት። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞርኩ።

«ንገሯቸው! እኔ ማን ነኝ?»

በየቀኑ በግንባሬ ሲሥቁ የኖሩት ልጆች ሁሉ እግራቸውን ማየት ጀመሩ።

«ነጋ! እኔ ማን ነኝ?»

ነጋ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢታና» አለ ቀስ ብሎ። ከተዋወቅን ጀምሮ በስሜ ሲጠራኝ ያ የመጀመሪያው ነው፤ ለምንም የማይጠቅመኝ ጊዜ ላይ።

«እሱን አይደለም! ሌላውን!»

«ተው እንጂ ጀለሴ…»

«በል ስልህ! በየቀኑ ስትለው አልነበር? አሁን በለው!»

«ቦቃ» አለ።

«አልተሰማም!»

«ቦቃ ነው ቲቸር!» ብሎ ጮኸ ነጋ። አንዴ አፉ ከተከፈተ በኋላ የደላላው ደም ፈላበት። «ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ቦቃ ነው። አባቴ ይሙት! ቦቃ ከብት እኮ አይሰረቅም ቲቸር፤ ሌባ ራሱ ይሸሸዋል፤ የትም ቢነዱት ባለቤቱ ከሩቅ ያውቀዋል። ይሄን ፊት ይዞ ማን ለማን ሊፈተን ይችላል? ሌላው ሁሉ ይችላል፣ እሱ ግን አይችልም!»

«እውነት ነው ቲቸር፣ ቦቃ ነው!» አለች አንዷ ከኋላ።

«ቦቃ ነው! ቦቃ ነው!» በረንዳው በሙሉ አስተጋባው።

እኔ መሃላቸው ቀና ብዬ ቆሜ ነበር። ያው ቃል ነው፣ ያው አፍ ነው። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ሲመጣም እንደ ውሻ ታዝዞ ነው የመጣልኝ።

ፈታኙ አፋቸውን በካርዱ ሸፈኑ፤ ሣቃቸውን ለመደበቅ እንደሆነ ያወቅሁት ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው። ካርዱ ጀርባ ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። «ግባ። ነገ ጠዋት ግን የገዛ ፊትህ ያለበት ፎቶ ይዘህ ካልመጣህ የዛሬውም ይሰረዝብሃል።»

ከሰዓት በኋላ ስንወጣ ነጋ ተከተለኝ። «ነገ ቤትህ መጥቼ እወስድሃለሁ» አለኝ። «ምስክርህ እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ አያስገቡህም።» ይቅርታ መጠየቁ እንደነበረ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ነጋ ዛሬ የአባቱን ሥጋ ቤት ይዟል፤ ስሄድ አሁንም ቦቃ ይለኛል፤ ከሻኛው ነው የሚቆርጥልኝ።

ቆቤን ኪሴ ውስጥ ጠቅልዬ፣ በዝናብ በታጠበ ግንባሬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በእግሬ አብነት ሄድኩ። ጋሽ አብዱልመናን በር ላይ ቆመው ነበር። ሲያዩኝ እጃቸው የበሩን መቃን ያዘ። ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ቀለማቸው ተለወጠ። እሳቸውም ተጸየፉኝ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። በዚያ ቀን ግን ግድ አልሰጠኝም።

«እንዳለሁ ያንሱኝ ጋሼ። ሳይፍቁ።»

«እናትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ፎቶው እኮ መንግሥት እጅ ነው የሚገባው፣ ልጄ።»

«ፊቴም እኮ መንግሥት ያሠራው መንገድ ላይ ነው የሚሄደው!» አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። «ካላነሡኝ ሌላ ፎቶ ቤት እሄዳለሁ።»

ተነሥተው መብራቱን አበሩ። «አገጭህን ዝቅ አታድርግ» አሉ ከካሜራው ጀርባ። «እሱም አያደርግም ነበር።»

«ማን?»

«ቀና በል ብያለሁ።»

እዚያው ቁጭ እንዳልኩ አጠቡልኝ። ፎቶው ሲደርቅ በቄንጠኛ ፖስታ አድርገው ሰጡኝ፤ ምላጩን ግን አልነኩትም።

ቤት ስደርስ ገና ጀምበር አልጠለቀችም ነበር። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሰው ኮት ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ራቁቱን የቀረውን ግንባሬን አየችና መርፌው ከእጇ ወደቀ። «ማን አየህ?»

«ሁሉም አየኝ» አልኩ። ፎቶውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩና መንገዱን ሙሉ ሳጠና የመጣሁትን በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። የበሩን ነገር፣ ሰልፉን፣ ነጋን፣ የሦስቱን ዓመት ውሸቴን። «ከነገ ጀምሮ ከሰል አልቀባም። ብታፍሪብኝም፣ ባስጠላሽም ፊቴ ይሄው ነው። ሌላ የለኝም።»

«ማን ነው ያፈረብህ?» አለች።

«አንቺ። ሳየው ጉልበቴ ይከዳኛል ስትይ ሰምቻለሁ።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ልታለቅስ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። ተነሥታ በሩን ዘጋች። በርጩማው ላይ ቆማ የአባቴን ፎቶ ከግድግዳው አወረደችው። ከጀርባው ያሉትን ትንንሽ ሚስማሮች በመቀስ ነቅላ መስታወቱን አወጣች። የነጠላዋን ጫፍ የውሃ ጣሳው ውስጥ ነክራ ጨመቀችው። ከዚያ፣ እኔ «ኧረ እማዬ ይበላሻል!» እያልኩ፣ የአባቴን ግንባር ማበስ ጀመረች።

ነጠላው ጠቆረ። ጫፉን ቀይራ እንደገና አበሰች። ከጥቁሩ ሥር በመጀመሪያ አንድ ነጭ ክር፣ ቀጥሎ አንድ ጭብጥ ነጭ ጸጉር፣ ከእሱም ሥር ሁለት ጣት የምታህል ነጭ ግንባር ወጣች።

አብነት ስፈልገው የከረምኩት ሌላው ቦቃ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልጋዬ ራስጌ ተሰቅሎ ሲያየኝ ኖሯል።

«ዋቅሹማ ነው ስሙ» አለች እናቴ። «ሚደቅሳ የኔ አባት ነው። በበሽታ አልሞተም አባትህ።»

በዚያ ምሽት የነገረችኝንና በኋላ ጋሽ አብዱልመናን የጨመሩልኝን አንድ ላይ ላስቀምጠው። አባቴ ኮልፌ አስተማሪ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚፈለጉ ሰዎች ስም ሲነበብ የእሱም ተነበበ፤ ለመለያ፣ «ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት» ተብሎ። ሦስት ሳምንት ያህል ባርኔጣ እያደረገ ተሸሸገ። ግንቦት ውስጥ አንድ ጠዋት ወጥቶ አልተመለሰም። መቃብሩን እስከ ዛሬ አናውቅም። እናቴ እኔን አዝላ ጌጃ ሰፈር ገባች፤ የእሱ ልጅ መሆኔ ከታወቀ እኔም የምወሰድ መሰላት። ፎቶውን ለመስቀል ፈራች፤ ለማቃጠልም አልሆነላትም። የአባቴ ጓደኛ የነበሩት ጋሽ አብዱልመናን ነጩን በጥቁር ቀለም ሸፈኑላት። «የውሃ ቀለም ነው» ብለዋት ነበር። «የፈለግሽ ቀን ይለቃል።»

«ያን ዕለት ባርኔጣውን ረስቶ ወጣ» አለች እናቴ ፎቶውን እያየች። «ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ ምነው ባስታወስኩት ኖሮ እላለሁ። ባርኔጣውን እላለሁ። አንተን ስቀባ እሱን እየሸፈንኩ ነው የሚመስለኝ።» ከዚያ የእኔን ፎቶ አንሥታ ከእሱ ጎን አስቀመጠችው። ጎንበስ ብላ ሁለቱን አስተያየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ ነበር፤ በእኔ ላይ ግን አልነበረም።

«እሱን ያስያዘው ቦቃው አይደለም» አለች። «የጠቆመው ጣት ነው። እኔ ደግሞ ጣቱን ትቼ ግንባር ስጠርግ ኖርኩ።»

በትክክል ለመናገር፣ በ1978 ፍርሃቷ ሞኝነት አልነበረም። ጠቋሚው ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁለታችንም በዚያ ምሽት ነጩን ግንባር ይዘን ወዴት እንደምንሄድ አናውቅም ነበር። እሷ ግን መስታወቱን መልሳ፣ ሚስማሮቹን መትታ፣ ፎቶውን ከበሩ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቦታ ላይ ሰቀለችው።

ጠዋት ከሰል አልተወቀጠም። ፊቴን ታጥቤ፣ ጸጉሬን ወደኋላ አበጥሬ፣ ፎቶዬን ደረት ኪሴ ከትቼ ዳቦዬን እየበላሁ ሳለ የግቢው የቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ቀጥሎም ያ የሰንጋ ተራ ድምፅ ሠፈሩን ሞላው።

«ቦቃ! ኧረ ቦቃ! ረፈደብን እኮ!»

ልብስ ታጥብ የነበረችው ጎረቤታችን እጇን ከሳፋው አወጣች። ሌላዋ በመስኮት ብቅ አለች። ዳቦውን አስቀምጬ እናቴን አየኋት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ጫፉ ከትናንት ጀምሮ ጥቁር ነበር። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ነጋን ብቻ ሳይሆን ግቢውን በሙሉ እያየች፣

«መጣ!» አለች ጮክ ብላ። «የቦቃው ልጅ መጣ!»